ብረት መጥበሻም ይሟሻል

ቅዳሜ ጠዋት የአክስቴ ልጅ ፎቶ ላከችልኝ። ለገና የሰጠኋት ካስት አይረን መጥበሻ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ዝገት ለብሷል። ከሥሩ «ይቅርታ፣ ገደልኩት። ልጣለው?» ብላለች። ጥብስ ሠርታበት፣ የተጣበቀው እንዲለቅ ብላ ውሃ ሞልታ ሲንክ ውስጥ አሳድራዋለች። በአሉሚኒየም ድስት ያደገ ሰው እንዲህ ቢያደርግ አይፈረድበትም።

«እንዳትጥይው፣ መጣሁ» አልኳት። እኔ የምጠቀምበት ራሱ እዚሁ ሜሪላንድ፣ አንድ ጎረቤት ግቢው ውስጥ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ በ5 ዶላር የገዛሁት ነው። ከእሷው የባሰ የዛገ ነበር።

ዝገቱን በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈተግነው። እምቢ ያለውን አቼቶና ውሃ እኩል ደባልቀን ግማሽ ሰዓት ዘፈዘፍነው (ከዚያ በላይ ካቆያችሁት አቼቶው ብረቱን ራሱን መብላት ይጀምራል)። በሳሙና አጠብነው፣ እሳት ላይ ጥደን አደረቅነው። አመድማ፣ ራቁቱን የቀረ ብረት ሆነ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ ፈረንጆቹ በዩቲዩብ የግማሽ ሰዓት ትምህርት ይሰጡበታል። እኛ ግን አንድ ቃል አለን፦ ማሟሸት።

እናቶቻችን አዲስ የሸክላ ምጣድ ሲገዙ አግለው፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር ደጋግመው በማሰሻ እያሹ የሚያሟሹት እንጀራው እንዳይጣበቅ ነው። ብረቱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ስስ ዘይት በጋለ ብረት ላይ ሲቆይ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይተሳሰሩና ዘይት መሆኑ ቀርቶ ጠንካራ ጥቁር ሽፋን ይሆናል። ዝገትን የሚከለክለውም፣ እንቁላልን የሚያስለቅቀውም እሱ ነው። እዚህ አገር በየሱቁ የሚሸጠው የካኖላ ዘይት ደግሞ የጎመን ዘር የቅርብ ዘመድ ነው። እማዬ ይህን በስልክ ስነግራት «ታዲያ ምኑ አዲስ ሆነባችሁ?» አለችኝ።

የአክስቴ ልጅ የተሳሳተችው ዘይቱን ስትቀባ ነው። ቅቤ እንደምትቀባ እጇን ዘርግታ ቀባችው። ከኦቨን ስናወጣው ቡናማ ጠብታ ጠብታ ሠርቶ፣ ጣት ሲነካው እንደ ሙጫ ይይዛል። እንደገና ፈተግነው። ሁለተኛው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ዘይት ቀብተን፣ በደረቅ ጨርቅ ምንም ያልተቀባ እስኪመስል ጠረግነው። ኦቨኑን 450 ፋራናይት አድርገን፣ መጥበሻውን ደፍተን አንድ ሰዓት አቆየነው፤ እዚያው ውስጥ ቀዘቀዘ። ሦስት ጊዜ ደገምነው። መስኮት ክፈቱ፤ ይጨሳል።

«ሳሙና አይነካውም» የሚባለውን እርሱት። ኮስቲክ ሶዳ የሚበዛበት የድሮ ሳሙና ሽፋኑን ያነሳ ስለነበር የቀረ ወሬ ነው፤ የዛሬው የዕቃ ፈሳሽ ሳሙና አይጎዳውም። ጠላቱ ተኝቶ የሚያድር ውሃ ነው። ታጥቦ ወዲያው እሳት ላይ ይድረቅ፣ በቃ። የጋለውን ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱበት። ካርቦን የበዛበት ብረት ስለሆነ ጥንካሬው እንደ ሸክላ ነው፤ ይሰነጠቃል።

እንቁላል ተጣበቀብኝ የምትሉ፣ ቸኩላችሁ ነው። ይህ ብረት ሙቀት ቀስ ብሎ ነው የሚቀበለው። በመካከለኛ እሳት አምስት ደቂቃ ያህል ብቻውን ይጋል፣ ከዚያ ቅቤው። ጥብስም ቢሆን ሥጋውን ካጨቃችሁበት ውሃ አውጥቶ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። በሁለት ዙር ጥበሱት።

ቲማቲም የበዛበት ሥልስ ግን ለረጅም ሰዓት አትሥሩበት። ኮምጣጣው ሽፋኑን ይበላዋል፣ ምግቡም ብረት ብረት ይላል። ይሄ ጣዕም በከንቱ አይደለም፤ በእርግጥም ብረት ወደ ምግቡ ይገባል። በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣው ጥናት የተሠራው እኛው አገር፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ነው፤ ምግባቸው በብረት ድስት የተበሰለላቸው ሕፃናት በአሉሚኒየም ከተበሰለላቸው ይልቅ የደም ማነሳቸው ቀንሶ ተገኝቷል። የአሉሚኒየሙን ድስት ሥልጣኔ ብለን ስንቀበል ይህን ማን ነገረን?

ትናንት ማታ ሌላ ፎቶ መጣ። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ መጥበሻ፣ መሀሉ ላይ እንቁላል። «አሁን ቡና ልቁላበት?» ትላለች።

በፍጹም! እኔ ሞክሬዋለሁ። ከባድ ስለሆነ እንደ ቤታችን ብረት ምጣድ እያነሱ አይወዘውዙትም፤ ምድጃውን ካጠፋሁት በኋላ እንኳ ሙቀቱን ይዞ ቡናውን አሳረረው። የጭስ አላርሙ ጮኾ ጎረቤት አስነሳሁ። ለሦስት ቀን የጠበስኩት እንቁላል ሁሉ ቡና ቡና ሲል ከረመ።