ሰሌዳው የማይመሰክረው ነገር

በቢቸና በአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የተማሪዎች ጋዜጣ አነበብኩ። ጸሐፊው አያቶቻችን ቼዝ ያውቁ እንደ ነበር ገልጦ፣ «ንግሥቲቱም እንደ ልቧ ከዳር እስከ ዳር ትሮጥ ነበር» ይላል። አጠገቤ ቆሞ ያነብ የነበረ አንድ የሞጣ ልጅ ጸሐፊውን ዞር ብሎ፣ «ይህን ከማን ሰማኸው?» አለው። «ከጋዜጣ አገኘሁት።» «ጋዜጣውስ ከማን ሰማው?» ሲለው መልስ ጠፋ።

የሞጣው ልጅ ጥያቄ በጎጃም አዲስ አይደለም። ከቢቸና ብዙ በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሞጣ ጊዮርጊስ፣ ለቅኔ ተማሪ «ከማን ተማርከው?» የሚለው ጥያቄ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ወደ ጋዜጣ ስንመጣ ግን ጥያቄውን ከደጅ ትተነው እንገባለን።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። ዛሬ «ሰንጠረዥ» ሲባል የመሥሪያ ቤት ሰው የሚታየው ለአለቃው ሞልቶ የሚያቀርበው ባለ መስመር ወረቀት ነው። ለአያቶቻችን ግን ሰንጠረዥ ይኸው የንጉሥና የፈረስ ጨዋታ ነበር፤ ስሙም ከዐረቦቹ «ሸጥረንጅ» ጋር ዘመድ ነው። ሰሌዳው 64 ቤት ቢኖረውም ጥቁርና ነጭ ተደርጎ አልተቀባም፤ ብዙ ጊዜ መስመር የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ነበር። ንግሥት የምትባልም የለችበትም። በንጉሡ ጎን የሚቆመው ፈርዝ ነው፤ እርሱም በማዕዘን አንዲት ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል፣ ማለት ዝሆኑ፣ በማዕዘን ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል። ከሁሉ የሚያስደንቀው መክፈቻው ነው፤ «ወረራ» ይሉታል። ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ እንደ ፈቀዱ ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በምን አወቅነው? ብዙውን በእንግዶች ብዕር ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ ጻፈ። ቆንሲሉ ዋልተር ፕላውዴን ስለ ሕጉ የጻፈው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ታተመ። ሃሮልድ መሪ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ትልቅ የቼዝ ታሪክ መጽሐፉ የእኛን ሰንጠረዥ ሲያወሳ በተጓዦች ቃል ነበር የተመረኮዘው። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የጨዋታውን ታሪክና ሕግ ሰብስቦ አወጣ። ያን ጊዜ ግን ጨዋታው ከየአዳራሹ ጠፍቶ ነበር። ከነዚህ አንዱ ተሳስቶ ቢሆን የሚያርመው ተጫዋች ከወዴት ይመጣል?

የዛሬው ቼዝ ለስሕተት መከላከያ አለው። እያንዳንዱ እርምጃ በፊደልና በቁጥር ይጻፋልና ጋዜጣው አንዲት ቤት ቢያዛንፍ አንባቢው ሰሌዳ ዘርግቶ ያጋልጠዋል። ወረራን ግን ተራ በሌለበት «አንደኛ የእኔ፣ ሁለተኛ የእርሱ» ብሎ መመዝገብ አይቻልም።

ይሁንና የተመዘገበም ቢሆን ሰሌዳው ሁሉን አይመሰክርም። አዳምስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1920 በኒው ኦርሊንስ ከሜክሲኮው ካርሎስ ቶሬ ጋር ገጠመ፤ ንግሥቱንም ደጋግሞ ለመበላት እያቀረበ አሸነፈ ተብሎ በብዙ መጻሕፍት ታትሟል። ጠጠሮቹን ብትደረድሩ እያንዳንዱ እርምጃ ትክክል ነው። ነገር ግን ጨዋታው በእርግጥ መደረጉን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ፤ ቶሬ መምህሩን ለማክበር ያቀናበረው ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ኤድዋርድ ዊንተር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ «የቼዝ ማስታወሻ» በሚል ርእስ እንዲህ ያለውን ወሬ ከምንጩ ጋር እያስተያየ ሲያርም ኖሯል። ሥራው አሰልቺ ሳይመስላችሁ አይቀርም፤ እኔ ግን አስቀናኝ።

ያየሁትን ለቢቸናው ልጅ ነገርኩት፤ ጥቂት ተቆጣ። ኋላ ግን እርሳስ አውጥቶ «ንግሥቲቱ» የሚለውን ሰረዘና በላዩ «ፈርዝ» ብሎ ጻፈ። የሞጣው ልጅ ይህንኑ ይጠብቅ ኖሮ፣ «አሁንስ ከማን ሰማኸው?» አለው። ልጁ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

«እርሳቸውስ?»

የፓንክረስትን ጽሑፍ ስም በእርሳሱ ከታች እንዲጽፈው ፊደል በፊደል አስያዝኩት።