በካልጋሪ ብርድ ናፍጣ ለምን ይረጋል?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2024 (ጥር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.) ምሽት የካናዳዋ አልበርታ ግዛት ነዋሪዎች የኤሌክትሪክ ፍጆታቸውን ባስቸኳይ እንዲቀንሱ የሚያሳስብ መልእክት በስልካቸው ደረሳቸው። ካልጋሪ በዚያ ሰሞን ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ባለፈ ብርድ ተይዛ ነበር። ከቀረቡት ምክሮች አንዱ የመኪና ሞተር ማሞቂያን ኤሌክትሪክ ላይ መሰካት ለጊዜው ማቆየት የሚል ነበር። መኪና ሌሊቱን እንደ ምጣድ ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቶ ማደሩ ለአዲስ መጤ ያስገርማል፤ ለናፍጣ ሞተር ግን በእንዲህ ያለው ብርድ ማሞቂያው ቅንጦት አይደለም።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። ነዳጁ የሚቀጣጠለው በሲሊንደሩ ውስጥ ታምቆ ከ500 ዲግሪ በላይ በሚግል አየር ነው። ብረቱ እጅግ ሲቀዘቅዝ ይህን ሙቀት ይሻማል፤ የሞተር ዘይቱ ይወፍራል፤ ባትሪው ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ግማሽ ያህል ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ በብርድ ወራት የሚቀጥን ዘይት መቀየር፣ ባትሪውን ማስመርመርና ማሞቂያውን ከጉዞ በፊት አራት ሰዓት ያህል መሰካት ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ማሞቂያው ሰልባትዮ ውስጥ ላለው ነዳጅ አይደርስለትም። ናፍጣ በተፈጥሮው የሟሟ ሰም አለበት። ንጥር ቅቤ በደብረ ብርሃን ማለዳ እንደሚረጋ ሁሉ ይህም ሰም ሲቀዘቅዝ ይረጋል። መጀመሪያ ነዳጁ ይደፈርሳል፤ ቀጥሎ ጥቃቅኑ የሰም ቅንጣት ፊልትሮውን ይዘጋል። አሳሳቹ ነገር ሞተሩ ብዙ ጊዜ መነሣቱ ነው። በመስመሩ ውስጥ የቀረውን ነዳጅ እስኪጨርስ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ይሠራና በመንገድ ላይ ይጠፋል። ሞተሩ ሲጠፋ የሹፌሩ ክፍል ማሞቂያም አብሮ ይቆማል፤ ከከተማ ርቆ በሌሊት ለቆመ ሹፌር ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ማጣሪያዎች ለብርድ ወራት የሚሸጠውን ናፍጣ፣ በከፊል ነጭ ጋዝ እየቀላቀሉ፣ ለየአካባቢው የአየር ጠባይ ያዘጋጃሉ። የካናዳ መስፈርትም የሚፈለገውን የብርድ መቋቋም አቅም በየክልሉና በየግማሽ ወሩ ይለያል። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ከቫንኩቨር የተነሣ ከባድ መኪና ለባሕር ዳርቻው ለስላሳ አየር የተዘጋጀ ናፍጣ ሞልቶ፣ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የሮኪ ተራሮችን አቋርጦ ካልጋሪ ይደርሳል። ልምድ ያለው ሹፌር የባሕር ዳርቻውን ነዳጅ በመንገድ አቃጥሎ አልበርታ ሲገባ ይሞላል። ከሙቀቱ ወራት ጀምሮ ነዳጅ ተሞልቶ የቆመ ጄኔሬተር ወይም ትራክተርም ያው አደጋ አለበት። (በነገራችን ላይ በሀገር ቤት በጋ የምንለው ጥር በካልጋሪ የብርዱ አናት ነው።)

ነዳጅ እንዳይረጋ የሚጨመረው ፈሳሽ ሰሙን አያጠፋም፤ ቅንጣቱ ሳያድግ በፊልትሮው እንዲያልፍ ያደርጋል እንጂ። በመሆኑም ነዳጁ ከመደፍረሱ በፊት መግባት አለበት፤ ከረጋ በኋላ ማፍሰስ ገንዘብ ማባከን ነው። ያን ጊዜ መድኃኒቱ መኪናውን ወደ ሞቀ ጋራዥ አስገብቶ ፊልትሮውን መቀየር ነው። ከሰልባትዮ ሥር እሳት ማንደድ ፈጽሞ አይገባም። ናፍጣውን ለማቅጠን ቤንዚን መቀላቀልም እንዲሁ፤ የነዳጅ ፓምፑን ማለስለሻ ያሳጣዋል፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል ተንም ይፈጥራል።

ከሰሙ ሌላ ውኃም አለ። ካልጋሪ ሺኑክ የሚባል ሞቃት ነፋስ ከተራሮቹ ይወርድባታል፤ ብርዱም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይሰበራል። ይህ መፈራረቅ ባልሞላ ሰልባትዮ ውስጥ ጤዛ ያስቋጥራል፤ ብርዱ ሲመለስም ውኃው በረዶ ሆኖ መስመሩን ይዘጋል። ሰልባትዮን ሞልቶ ማሳደር የሚመከረው ለዚህ ነው፤ ሺኑክ የነፈሰበት ቀንም ከፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውን ውኃ ለማፍሰስ ምቹ ጊዜ ነው፣ ገና ሳይበርድ።