«ስቴፑን አሳዩ»

የዳግማ ትንሣኤ ዕለት እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጇ ሶፋው ጥግ ተቀምጣ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታለች። ስልኳን ወደ ወርክሺቱ አስጠግታ አንድ ኢንተግራል ፎቶ አነሳች። ቶናው ሳይቀዳ መልሱ ከነስቴፑ ስክሪኑ ላይ ተደረደረ። መገልበጥ ጀመረች። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቆም አለችና ስልኩ ላይ የሌለ ምልክት ጽፋ ሰረዘችው፤ ትክክለኛውንም ከጎኑ አደረገች።

«ምነው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ስርዝ ድልዝ ከሌለው ቲቸር ይነቃብኛል።»

በእኛ ጊዜ መልሱን ብቻ የጻፈ ዜሮ ይሰጠው ነበር። «ስቴፑን አሳዩ» ማለት «ከጎረቤታችሁ እንዳልገለበጣችሁ አስረዱ» ማለት ነው። ስቴፑ የላብ ደረሰኝ ነበር። ዛሬ ደረሰኙን የሚቆርጠው ስልኩ ነው። ያቺ ስርዝ ድልዝ ስላልለቀቀችኝ ሒሳብ ከእጅ ወደ ማሽን እንዴት እንደተሻገረ ወደ ኋላ ማንበብ ጀመርኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሻርል ደሎኔ የጨረቃን እንቅስቃሴ የሚገልጽ ቀመር በብዕርና በወረቀት ሊያወጣ ተነሣ። ለመሥራት 10 ዓመት፣ ለማረም ሌላ 10 ዓመት ፈጀበት። ውጤቱ በ1860 እና በ1867 በሁለት ዳጎስ ያሉ ጥራዞች ታተመ። በ1970 ሦስት ተመራማሪዎች ሥራውን በኮምፒውተር ደገሙት፤ 20 ሰዓት ያህል በቃቸው። ያገኙት ስህተት ሦስት ብቻ ሲሆን ሁለቱ ከመጀመሪያው የተወለዱ ናቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ሳነብ የገረመኝ ኮምፒውተሩ ሳይሆን ሰውየው ነው።

ማሽኑ የተማሪውን ወንበር የያዘው ግን ከዚያም ቀደም ብሎ ነው። በ1961 ጄምስ ስሌግል የተባለ ዓይነ ስውር የኤምአይቲ ተማሪ ለዶክትሬቱ አንድ ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ ከቀረቡለት 86 የኢንተግራል ጥያቄዎች 84ቱን ፈታ። ከጥያቄዎቹ 54ቱ የተወሰዱት ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት የካልኩለስ ማጠቃለያ ፈተና ነበር። እንግዲህ ማሽን ፍሬሽማን ካለፈ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1968 እዚያው ማክሲማ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ተጀመረ፤ በ1988 ማቲማቲካ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በአንድ ፍሎፒ ዲስክ የሚገባው ዲራይቭ ከሃዋይ መጣ። ኦስትሪያ በ1991 ለጂምናዚየሞቿ በሙሉ የዲራይቭን ፈቃድ ገዛች።

መምህራኑን ለሁለት የከፈለው ጥያቄ ያኔ ተነሣ። ማሽን ኢንተግራል ከሠራ፣ ልጅ ለምን ይማረዋል? ኦስትሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ብሩኖ ቡክበርገር በ1990 የሰጠው መልስ እስካሁን ያከራክራል። ስሌቱን እንደ ሳጥን ቁጠሩት፤ ተማሪው ርዕሱን ገና ሲጀምር ሳጥኑ ነጭ ይሁን፤ ውስጡ ይታይ፣ ሥራው በእጅ ይሠራ። ከገባው በኋላ ሳጥኑ ይጥቆር፤ ስሌቱ ለማሽኑ ተትቶ ልጁ ወደሚቀጥለው ይለፍ። ቡክበርገር «ይፈቀድ ወይስ ይከልከል» የሚለውን ክርክር «መቼ» ወደሚል ጥያቄ ለወጠው።

አሜሪካዊቷ ካትሊን ሃይድ ግን በ1988 ባሳተመችው ጥናት ቅደም ተከተሉን ገልብጣው ነበር። ተማሪዎቿ 12 ሳምንት ስሌቱን ለኮምፒውተር ትተው ጽንሰ ሐሳቡን ብቻ ተማሩ፤ የእጅ ሥራ የተለማመዱት በመጨረሻዎቹ 3 ሳምንታት ነው። በማጠቃለያው ፈተና፣ በእጅ ስሌት በተለመደው መንገድ ከተማሩት ብዙም አላነሱም፤ ነገሩን በመረዳት ግን በለጡ። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ደግሞ ሁለቱንም ወገን ለማስታረቅ ፈተናውን ለሁለት ከፈለችው፦ አንዱ ባዶ እጅ፣ ሌላው ከነማሽኑ።

አዲስ አበባ ውስጥ 27 ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ አንድ መምህር አሉ። ስማቸው እንዳይጻፍ ጠይቀውኛል። የልጅቷን ስርዝ ድልዝ ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ።

«እኔንስ ማን ያልሸወደኝ አለ!» አሉ። «በመጀመሪያ ፕላዝማ መጣ። ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ሲሮጥ እኔ ከኋላው ኩስ ኩስ እል ነበር፤ አብሪና አጥፊ ሆኜ ቀረሁ። አሁን ደግሞ ስልኩ መጣ። ፕላዝማው ቢያንስ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ይዘጋል፤ ይሄኛው ልጁ አልጋ ላይ አብሮ ያድራል።»

ታዲያ ይከልከል? «እንዴት ብለህ? ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ በመጥረጊያ አትመልሰውም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ልጁ ወንዙን ተሻግሯል፤ የተሻገረው ግን በሰው ጀርባ ላይ ነው። ነገ ጀርባውን የሚሰጠው ሲያጣ ውኃው ምን ያህል እንደሚጠልቅ እንኳ አያውቅም።»

እሳቸው አሁን የቤት ሥራ አያርሙም። መልሱን ሰሌዳ ላይ ይጽፉና «ለዚህ መልስ የሚሆን ጥያቄ አምጡ» ይላሉ። አንዳንዴም አንድ ስቴፕ ያበላሹና «ሌባው የቱ ጋ ነው?» ብለው ያስፈልጋሉ። «ያኔ ስልካቸውን ቢያወጡም ግድ የለኝም። ግን 60 ልጅ ባለበት ክፍል ይህን በየቀኑ አድርግ ብትለኝ፣ መጥተህ አንተ አድርገው እልሃለሁ።»

ለመምህራን መመሪያ ተዘጋጅቶ እንደሆነ አንድ የሥርዓተ ትምህርት ኃላፊን ለመጠየቅ ሞክሬ ነበር። ጥያቄህን በደብዳቤ አምጣ ተባልኩ፤ አመጣሁ። በሳምንቱ ስሄድ ስብሰባ ላይ ናቸው። ከዚያም በሳምንቱ ስሄድ ጸሐፊያቸው ፈገግ ብለው «ስብሰባው ገና ነው» አሉኝ።

ስብሰባው እስኪያልቅ ነገሩ አልቆመም። ጂኦጀብራ የተባለው የሒሳብ መተግበሪያ በነፃ ይወርዳል፤ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ አልጀብራውንም ይፈታል። ለመከልከል የሚወጣው ጉልበት ለማሠልጠን ቢውል ብዙ ያራምድ ነበር። ጥሩ ስልክ ያለው ልጅ ማሽኑን በድብቅ ይማራል፤ የሌለው ልጅ ማሽኑንም አያውቀውም። የብሔራዊ ፈተናው ጥያቄ ደግሞ ምርጫ ነው፤ ስቴፕ የሚያይለት የለም።

ባለፈው እሑድ ወደ እህቴ ቤት ተመለስኩ። ልጅቷን ያንን ገጽ እንድታሳየኝ ለመንኳት። ኢንተግሬሽን ባይ ፓርትስ ነበር። ስርዙ ያረፈው ኔጌቲቩ ከሌላ ኔጌቲቭ ጋር ተገናኝቶ ፖዘቲቭ የሚሆንበት ቦታ ላይ ነው።

«ለምን እዚህ ጋ ሰረዝሽ?»

«እዚህ ጋ ነዋ ሰው የሚሳሳተው» አለች፣ የማይጠየቅ ነገር የጠየቅኋት ያህል። «ሌላ ቦታ ብሳሳት ማን ያምነኛል?»

ገጹን ደግሜ አየሁት። ከስልኩ ያልተገለበጠው ያ የተሰረዘ ምልክት ብቻ ነበር፤ መምህሯ ማርክ ሊሰጡበት የሚገባው ቦታም እሱ ነበር።