አጥሩ ላይ ያለው ቡጋንቪላስ?

ቤቱ ተሸጧል፤ ወይም የኪራይ ውሉ አልቋል፤ ወይም ሰፈሩ ለልማት ይነሳል ተብሏል። ፍሪጁ፣ ቁም ሳጥኑ፣ የእናት ቡፌ ሳይቀር በየትኛው መኪና እንደሚጫን ተወስኗል። ዕቃው ተቆጥሮ ሲያበቃ ከቤተሰቡ አንዱ፣ ብዙውን ጊዜ እናት ወይም አያት፣ ወደ አጥሩ ቀና ብለው «እሱስ?» ይላሉ። እሱ የተባለው ቡጋንቪላው ነው። ሃያ ዓመት አጥሩን ሸፍኖ የኖረ፣ በልጆቹ የምርቃት ፎቶ ሁሉ ከኋላ የሚታይ።

እንዲህ ሲባል ከቤተሰቡ ሁለት ዓይነት መልስ ይመጣል። አንዱ «ተይው እማዬ፣ አዲስ ችግኝ እንገዛልሻለን» ይላል። ሌላው «ቅዳሜ ሁለት የቀን ሠራተኛ አምጥተን እናስነቅለዋለን» ይላል። የመጀመሪያው እናትን ያስከፋል፤ ሁለተኛው አበባውን ሊገድል ይችላል። ቡጋንቪላ ከላይ ሲያዩት እሾሃም፣ ጠንካራ፣ ድርቅ የማይበግረው ተክል ነው። ከመሬት በታች ግን ሌላ ነው። ሥሩ ቀጭንና ተሰባሪ ስለሆነ አፈሩን አጥብቆ አይዝም። በዶማ ተመትቶ ግንዱ ሲሳብ አፈሩ ይራገፋል፤ ውኃ የሚስቡት ጸጉር መሰል ሥሮችም ተበጥሰው እዚያው ይቀራሉ። አዲሱ ግቢ የሚደርሰው እንግዲህ ግንዱ ብቻ ነው።

ስለዚህ እርስዎም በዚህ ጉዳይ ላይ ከሆኑ ዶማውን ለጊዜው ያስቀምጡት። መጀመሪያ የሚያስፈልግዎት መቀስ ነው።

ከመንቀል በፊት መቁረጥ

ከቡጋንቪላ ቅርንጫፍ ተቆርጦ የበቀለ ችግኝ የእናቱ «ልጅ» ሳይሆን ራሷ እናቱ ናት ማለት ይቻላል። ቀለሙ፣ የአበባው ዓይነት፣ የእድገቱ ጠባይ ያው ነው። አሮጌውን ግንድ ማዛወር ዕጣ እንደ ማውጣት ነው፤ በዕድሜ የገፋ ከሆነ ደግሞ ዕጣው ይከብዳል። ቁራጩ ግን ዋስትናዎ ነው። በኔ አስተያየት አሮጌውን ለማንሳት ቢወስኑም ባይወስኑም ቁራጭ ሳይወስዱ ከግቢው መውጣት አይገባም።

ለመቁረጥ የሚመረጠው ለምለሙ አረንጓዴ ቀንበጥ አይደለም፤ እሱ ይበሰብሳል። እርሳስ የሚያህል ወይም ትንሽ ወፈር ያለ፣ ቅርፊቱ ወደ ቡናማ የዞረ ቅርንጫፍ ይፈልጉ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አድርገው፣ ሦስት አራት አንጓ እንዲኖረው ይቁረጡት። የታችኛውን ጫፍ ከአንጓው ሥር ሰያፍ፣ የላይኛውን ደግሞ ቀጥ አድርገው ቢቆርጡ በኋላ ተገልብጦ አይተከልም። (ቀልድ አይደለም፤ ቅጠሉ ከተመለመለ በኋላ የትኛው ላይ፣ የትኛው ታች እንደሆነ ይጠፋል።) እሾሁ ስለታም ነውና ወፍራም ጓንት ያድርጉ፤ ፈሳሹም አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ያሳክካል። አጥርዎ ላይ ሁለት ቀለም ካለ ከሁለቱም ይውሰዱ፤ አንድ የመሰለዎት ምናልባት የተጠላለፉ ሁለት ተክሎች ይሆናሉ።

ግማሽ አሸዋና ግማሽ አፈር ቀላቅለው፣ ከሥሩ በተበሳ የችግኝ ፕላስቲክ ወይም አሮጌ ጣሳ ውስጥ ቁራጩን እስከ ግማሹ ይቅበሩት። ውኃ አጠጥተው ከላይ ግማሹ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ይድፉበት። ብርሃን ያለበት ግን ቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። አሥር ያህል ይትከሉ፤ ሁሉም አይያዙም።

ብዙ ሰው የሚታለለው ከዚህ በኋላ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቁራጩ ቅጠል ያወጣል። ቤተሰቡ ይደሰታል፤ ልጆች «ያዘ! ያዘ!» ይላሉ፤ አንዱም ሥሩን ለማየት ሳብ ያደርገዋል። ቅጠሉ የወጣው ግን በግንዱ ውስጥ ከተጠራቀመ ምግብ ነው፤ ሥር ገና ላይኖር ይችላል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ብርድ ያለበት ቦታ ሥር እስኪያወጣ ሁለት፣ ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። በችግኙ ፕላስቲክ ቀዳዳ በኩል ነጭ ሥር ብቅ እስኪል አይንኩት፤ ልጆቹም እንዳይነኩት ያስጠንቅቁ።

ክረምቱን አይመኑ

ችግኝ ሲባል ሁላችንም ሐሳባችን ወደ ሐምሌ ይሄዳል። ለአብዛኛው ዛፍ ትክክል ነው። ለተነቀለ ቡጋንቪላ ግን የሐምሌና የነሐሴ ጭቃ ጥሩ አይደለም። ምክንያቱ ከትውልድ አገሩ ይጀምራል። ተክሉ የደቡብ አሜሪካ ነው። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው መርከበኛ ሉዊ አንትዋን ደ ቡጋንቪል ሲሆን፣ መርከቦቹ ዓለምን ሲዞሩ አብሮ የተጓዘው የዕፅዋት አጥኚ ፊሊቤር ኮሜርሶን እ.ኤ.አ. በ1767 ሪዮ ዴ ጄኔሮ አካባቢ አገኘው። (የኮሜርሶን ረዳት ዣን ባሬ የወንድ ልብስ ለብሳ መርከብ የገባች ሴት ነበረች፤ ዓለምን በመዞር የመጀመሪያዋ የታወቀች ሴት እሷ ናት።) ከሞቃት አገር የመጣ ተክል የቆሰለ ሥሩ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲቀመጥ ከመዳን ይልቅ ይበሰብሳል።

አብዛኛው አዲስ አበባ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። እዚህ የሚሻለው ወቅት ከመጋቢት እስከ ግንቦት መጀመሪያ ነው፤ መሬቱ ሞቋል፣ የበልጉም ዝናብ አልፎ አልፎ ያግዛል፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊትም ተክሉ ጥቂት አዲስ ሥር ያወጣል። ካልተቻለ ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ስትመለስ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ያድርጉት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ሳይደርስበት ማለት ነው። ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ያላችሁ አንባቢዎች ሙቀቱ ያግዛችኋል፤ እናንተ የምትጠነቀቁት ለድርቁ ነው።

ቤት ሲለቀቅ ቀኑ በእጅ አይሆንም ይሉ ይሆናል። እውነት ነው። ቀኑ ሐምሌ ላይ ከወደቀ ቁራጩን ይዘው ይሂዱ፣ አሮጌውን ለገዢው ይተዉለት። ሻጭ ከሆኑ ደግሞ አበባውን እንደሚያነሱ ውል ከመፈረሙ በፊት ይናገሩ፤ ተከራይ ከሆኑም አከራይዎን ያስፈቅዱ። ግቢውን ሲያይ አበባው ዓይኑን ስቦት የገዛ ሰው መጥቶ ባዶ አጥር ቢያገኝ ቅር ይለዋል። ቁራጭ ግን የሚከለክል ሰው አላየሁም።

ለማንሳት ከወሰኑ

ጊዜ ካለዎት ከአንድ ወር ተኩል በፊት ይጀምሩ። ከግንዱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው በስለታም አካፋ ዙሪያውን በግማሽ ክብ መሬቱን ይውጉት። ሦስት ሳምንት ቆይተው ቀሪውን ግማሽ ያድርጉ። የተቆረጠው ሥር በዚያው በክቡ ውስጥ አዳዲስ ቀጫጭን ሥሮች ያወጣል፤ ይዘው የሚሄዱት እነሱን ነው። ከሚነሳበት ቀን ጥቂት ቀደም ብለው ቅርንጫፉን በግማሽ፣ ቢያስፈልግም ከዚያ በላይ ይከርክሙት። ያን ሁሉ አበባ መቁረጥ ልብ ይበላል። ነገር ግን ግማሽ ሥሩን ያጣ ተክል ሙሉ ቅጠሉን ማጠጣት አይችልም።

በዋዜማው ውኃ ያጠጡት፤ እርጥብ አፈር ሥሩን ያቅፋል። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ቆፍረው ከሥር በጆንያ ይጠቅልሉትና በሲባጎ ይሰሩት። ለሚያነሱት ሰዎች አጥብቀው የሚነግሯቸው አንድ ነገር አለ፦ ግንዱን ይዞ መሳብ የለም፤ ጆንያውን ከሥር አቅፎ ማንሳት ነው።

አዲሱ ጉድጓድ ቀድሞ ይዘጋጅ፤ ስፋቱ የሥሩን ሁለት እጥፍ፣ ጥልቀቱ ግን ልክ የሥሩን ያህል። አፈሩ መረሬ ከሆነ ጉድጓድ መቆፈር ባልዲ እንደ መሥራት ነው፤ ውኃው አይወጣም። እዚያ ላይ ከመሬት ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ሠርተው ቢተክሉት ይሻላል። ቦታው በቀን ቢያንስ ለ6 ሰዓታት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን፤ በጥላ ቡጋንቪላ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። ተክሉ በራሱ ግድግዳ የሚጨብጥበት ነገር ስለሌለው ሽቦ ወይም እንጨት ቀድመው ያቁሙለትና በጨርቅ ላላ አድርገው ይሰሩት። ፍግና ማዳበሪያ አሁን አይጨምሩ፤ አዲስ ቅጠል አውጥቶ ሲያድግ ይደርሳል።

ከዚያ ቅጠሉ ይረግፋል። ምናልባት ሁሉም። በዚህን ጊዜ እናት ዝም ይላሉ፣ ጎረቤት «ደርቋል» ይላል፣ እርስዎም አዝነው ጠዋት ማታ ውኃ ያፈሱበታል። ይህን የመጨረሻውን አያድርጉ። ቅጠል የሌለው ተክል ብዙ ውኃ አይጠጣም። ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ከላይ ደርቆ ከሆነ ያጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ይተዉት። ሕይወት እንዳለው ለማወቅ ቅርፊቱን በጥፍር ጫር ያድርጉት፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ በሕይወት አለ። ከጫፍ ደርቆ ወደ ታች አረንጓዴ ሊሆን ስለሚችል ወደ ግንዱ ወረድ ብለውም ይሞክሩ። ሦስት ወር ሳይሞላው አይንቀሉት።

አዲሱ ቤት ኮንዶሚኒየም ከሆነ አሮጌውን ግንድ ይርሱትና ሥር ያወጣውን ቁራጭ ከታች ቀዳዳ ባለው ማሰሮ ውስጥ በረንዳ ላይ ይትከሉት። ቡጋንቪላ ሥሩ ጠበብ ሲለው፣ ውኃውም ትንሽ ሲዘገይበት አብዝቶ ያብባል። ከማሰሮ ወደ ማሰሮ ሲያዛውሩትም ሥሩን ሳያራግፉ ከነአፈሩ ነው።

ከአሥሩ ቁራጭ አምስቱ ከያዙ ለአንድ በረንዳ ብዙ ነው። ሲያድሉ ግን ቀለሙን በወረቀት ጽፈው ይስጡ። ተክሉ እስኪያብብ ድረስ ሐምራዊው ከብርቱካናማው በቅጠሉ በቀላሉ አይለይም፤ እህትዎም የእናታችሁ አጥር ላይ የነበረውን ነው የምትጠብቀው።