ያውቁ ኖሯል? የሯጭ ስንቅ ከዶርዜ ደጋ እስከ አርባ ምንጭ ቆላ

ሰውነትዎ የሚይዘው የስኳር ስንቅ ማራቶን አያስጨርስም! በጡንቻና በጉበት የሚከማቸው ግላይኮጅን 500 ግራም ገደማ ነው፤ ቢበዛ 2,000 ኪሎ ካሎሪ! ብዙ ሯጮች 30ኛውን ኪሎ ሜትር ሲያልፉ እግራቸው እምቢ የሚላቸው ለዚህ ነው።

ስብዎ ግን ቶሎ አያልቅም! ከሲታው ሯጭ እንኳ ለብዙ ማራቶን የሚበቃ ስብ ተሸክሞ ይሮጣል። ችግሩ ስብ ኃይል የሚሰጠው በዝግታ መሆኑ ነው። ፍጥነት ሲጨምሩ ሰውነትዎ ስኳር አምጡ ይላል!

እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል! በውድድር ዋዜማ በደንብ በልተው ሚዛን ላይ ቢከብዱ አይደንግጡ፤ ስንቅዎ ሞልቷል ማለት ነው!

ሙቀት ስኳር ይበላል! አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአባያና በጫሞ ዙሪያ ፀሐይ ከበረታ በኋላ ከሮጡ ጡንቻዎ ስንቁን ቶሎ ይጨርሳል። ማለዳ ይውጡ!

ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል! ቁልቁለት ግን አያታልልዎ! ጡንቻን ይጎዳል፤ የተጎዳ ጡንቻ ደግሞ ስኳሩን የሚተካው ዘግይቶ ነው።

አንድ መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው! በረጅም ልምምድ ላይ ለሰውነትዎ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ይበቃዋል። ሁለት የአርባ ምንጭ ሙዝ ኪስዎ ውስጥ ካለ ሰዓቱን ተሻገሩት! ልጣጩ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ሲያወጣ ደግሞ አብዛኛው ስታርች ወደ ስኳር ተለውጧል!

ሙዝና እንሰት የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው! አንዱ ቆላ፣ አንዱ ደጋ! ሙዝ የሚበላው ፍሬው ነው፤ እንሰት ግን ግንዱና ሥሩ! የዶርዜ ሴቶች ይፍቁታል፣ ጉድጓድ ውስጥ ያብላሉታል፣ በራሱ ቅጠል ጠቅልለው ይጋግሩታል። ትኩስ ቆጮ በዳጣ! የደጋው ሰው ዳገት የሚወጣበት ጉልበት!

ስኳር ያለው መጠጥ ሳይውጡ ተጉመጥምጠው ቢተፉት እንኳ ሊያበረታዎት ይችላል! ምላስ ስኳሩን ሲያውቅ አንጎል ስንቅ መጣ ብሎ ይነቃቃል።

እ.ኤ.አ. በ1924 በቦስተን ማራቶን ደክመው የገቡ ሯጮች ደም ሲመረመር ስኳሩ ወርዶ ተገኘ! በዓመቱ ሯጮች በመንገድ ላይ ከረሜላ እንዲበሉ ተደረገ፤ ሁኔታቸውም ተሻሻለ!

ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን በ2:12:11 አንደኛ ከገባ በኋላ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር! ትርፍ አንጀት ከወጣለት ገና 40 ቀን አካባቢ ነበር!

ያለቀ ስንቅ በአንድ ማዕድ አይሞላም! ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ከረጅም ሩጫ እንደተመለሱ ቶሎ ይብሉ፤ ነገ ለሚሮጡት ዛሬ ይሰንቁ!