በቡና ቅጠል ውስጥ ያለው ጽሕፈት

አንባቢ ሆይ! በጅማ ከተማ በቦሳ አዲስ በኩል ሲያልፉ፣ የሚቆላ ቡና ሽታ ከመንገድ አቁሞዎት ይሆናል። ለመሆኑ ያ ቡና የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃሉን? አረቢካ ቡና ሮቡስታ ከሚባለው ቡናና ዩጂኒዮይደስ ከሚባል የዱር ቡና መዳቀል የተገኘ ነው። አብዛኞቹ የቡና ዓይነቶች 22 ክሮሞሶም ሲኖራቸው፣ እርሱ 44 አለው። ይህን ያረጋገጠልን ላቦራቶሪ ነው።

ጽሕፈቱ እንዴት ይነበባል? ቅጠሉ ይፈጫል፤ የሳሙናን ሥራ የሚሠራ ፈሳሽ የሴሉን ሽፋን ይፈታል፤ ቀዝቃዛ አልኮል ሲጨመርበትም ዲ ኤን ኤው እንደ ነጭ ክር ሆኖ ይለያል። ከዚያ ፒ ሲ አር የሚባለው መሣሪያ በ95፣ በ55ና በ72 ዲግሪ ገደማ ሙቀት እያመላለሰ ግልባጭ ያበዛል። በየዙሩ እጥፍ ከሆነ፣ አንዱ ከ30 ዙር በኋላ ከአንድ ቢሊዮን ይበልጣል።

በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ፣ በጅማ አጠገብ ያለው የመልኮ ምርምር ጣቢያ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጦ አወጣ፤ 74110 የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ነው። የዚያ ጊዜ ባለሙያዎች መሣሪያቸው ዓይንና ትዕግሥት ነበር። የነገው ባለሙያ ግን የቅጠሉን ጽሕፈት ጭምር ማንበብ አለበት። ይህንንም የሚማረው እንደ ጅማ ባለ ዩኒቨርሲቲ፣ ገና በመጀመሪያ ዲግሪው ነው።

ታዲያ ላቦራቶሪ ማሻሻል ማለት ውድ መሣሪያ ገዝቶ መቆለፍ አይደለም። ሠላሳ ተማሪዎች አንዱን መሣሪያ ከበው ሲቆሙ፣ አንዱ ይሠራል፤ ሃያ ዘጠኙ ተመልካች ናቸው። ማየትና በእጅ መያዝ ደግሞ ለየቅል ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዛው፣ የሚሊሊትርን አንድ ሺኛ የምትለካው ማይክሮፒፔት ትሁን፤ ቢቻል ለሁለት ተማሪ አንድ። ቀለም በገባበት ውሃ እጅን ማለማመድ ብዙ ወጪ የለውም። ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይበላሽ መጠባበቂያ ኃይል ይዘጋጅ። ሦስተኛ፣ ከመሣሪያው ጋር መለዋወጫውና የሚጠግነው ሰው አብረው ይታሰቡ፤ አንዲት አምፑል የጎደለችው ማይክሮስኮፕ የመደርደሪያ ጌጥ ናትና።

ፒ ሲ አር የሚሠራው መሣሪያ እስኪመጣም ተስፋ አይቆረጥ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የሥራው ጀማሪዎች ብልቃጡን ከአንዱ የሙቅ ውሃ ገንዳ ወደ ሌላው በእጃቸው ያዛውሩ ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ እርስዎ ተማሪ ከሆኑ፣ «እኔም ልሞክር» ብለው ይጠይቁ። የግዢ ጽሕፈት በእጅዎ የሚያልፍ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆኑ ደግሞ፣ የመለዋወጫውን መስመር አይሰርዙ። ቡናው የእኛ ነው፤ ጽሕፈቱን የሚያነብ እጅም ከእኛ ይውጣ።