መተማ፦ እንግዳ አልጋ የሚይዘው ድልድዩን አይቶ ነው

የሆቴል ንግድ በተነሳ ቁጥር ለብዙ ባለሀብቶቻችን ቀድሞ የሚታያቸው ኮከቡ፣ ሊፍቱና የመዋኛ ገንዳው ነው። መተማ ዮሐንስ የሚደርስ እንግዳ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከኬላው ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ ነው።

ከተማዋ ከጎንደር 200 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ትገኛለች። ከሱዳኗ ገላባት የሚለያት አንድ ወንዝና አንድ አጭር ድልድይ ብቻ ነው። አንባብያን ይበልጥ የሚያውቋት አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት በመሆኗ ቢሆንም፣ የገበያ በርነቷ ከዚያም ይቀድማል።

ከካይሮ ተነስቶ በካርቱምና በገዳሪፍ በኩል በመኪና የሚመጣውን ቱሪስት እንውሰድ። ፓስፖርቱንና የመኪናውን ሰነድ በሁለቱም ወገን አስመትቶ ሲጨርስ ከመሸበት፣ ወደ ጎንደር የሚወስደውን ዳገት በጨለማ አይደፍረውም፤ በቅርብ ያገኘውን አልጋ ይይዛል። በጠዋት ከጨረሰ ግን መተማን በመስኮት አይቶ ያልፍና ጎንደር ገብቶ ከተማውን ቁልቁል ከሚያየው ከጎሃ ሆቴል ያድራል። እዚያ የሚከፍለው ለእይታው ነው፤ መተማ ላይ የሚከፍለው ስለመሸበት ነው።

ሱዳናዊው እንግዳ ደግሞ ሌላ ነው። በአገሩ መጠጥ በ1983 እ.ኤ.አ. በሕግ ከታገደ ወዲህ በሳምንቱ መጨረሻ ድልድዩን በእግሩ ተሻግሮ የሚዝናና ብዙ ነበር። ለእርሱ ጥሩ ቦታ ማለት ሙዚቃውና ቢራው ሳይርቅ፣ በማግስቱ በእግሩ የሚመለስበት ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ግን ከድልድዩ ይልቅ ተሳቢው የሚገባበት ሰፊ ግቢና ዘበኛ ይፈልጋል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲነካ ደግሞ ሁሉም የሚስማማበት ነገር አለ፦ ቬንትሌተር የሌለው ክፍል፣ ኬላው ሥር ቢሆንም፣ በነጻም ከባድ ነው።

ችግሩ ድልድዩ በሰው ፈቃድ መከፈቱና መዘጋቱ ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሱዳን መተላለፊያውን ዘግታ በሐምሌ ከፈተች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች በዚያው ድልድይ ገቡ። ተዝናኚው ቀርቶ ተፈናቃይና የእርዳታ ሠራተኛ መጣ። ጥቂት ወራት ቆይቶ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የጎንደሩንም መንገድ አሰጋ። ከኬላው በእርምጃ ርቀት ላይ መሆን ትልቅ ሀብት የነበረለት ቤት፣ ያው ቅርበት ዕዳ ሆነበት።

በዚህ ጸሐፊ ግምት ነጋዴው ከመተማ ዮሐንስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ መለስ ብሎ ገንዳ ውሃን ቢያይ አይጎዳም። ድሮ ሸህዲ የምትባለው ይህች ከተማ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት። ለጉዳዩ ወደ ቢሮ የሚመጣውም፣ የሰሊጥ አዝመራ ሲደርስ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የሚወርደው ባለ እርሻ፣ ደላላና ገዥም ድልድዩ ተዘጋ ብሎ አይቀርም። እርግጥ ነው ኪሱ እንደ ሱዳናዊው የቅዳሜ እንግዳ አይፈታም፤ ሰሊጡ ሲያልቅም ክፍሎቹ ባዶ ይሆናሉ።

በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክም በዚሁ ቆላ፣ በቋራ በኩል አለ። በ2008 ዓ.ም. አንበሶች እንዳሉበት በተመራማሪዎች ሲረጋገጥ ዜናው ዓለምን ዞሯል። ነገር ግን አንበሳ ፈላጊ ቱሪስት መንገዱ ሰላም ሳይሆን አይመጣምና፣ በእርሱ ተስፋ ብሎኬት መደርደር ለጊዜው አይመከርም።

ስለዚህ «ለድንበሩ ቅርብ» እየተባለ ዋጋው የተሰቀለ ቦታ የቀረበለት ገዥ ደላላውን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ኬላው ተዘግቶ በከረመባቸው ወራት ያ ቤት በቀን ስንት አልጋ ይሸጥ እንደነበር ነው፤ መዝገቡ ካለ ደግሞ መዝገቡን ማየት ነው።